የስድስት ወር ወንድም

ባንቺአየሁ አልጋውን የገዛችው ወንድሟ ሊመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቤቷ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ ሰፈር፣ ከፒኮ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር የነበረውን ሶፋ ለጎረቤት ሰጥታ ቦታውን ሜትር ይዛ ሦስት ጊዜ ለካችው። አልጋውን ከነፍራሹ በቫን አምጥተው፣ ከጎረቤቱ ጋር ተሸክመው ሁለተኛ ፎቅ ያደረሱላት ጋሼ ስዩም ናቸው። ጋሼ ስዩም ኢንግልዉድ ይኖራሉ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ከባንቺአየሁ ጋር የሚተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ነው።

"ለስድስት ወር እንግዳ ይኼን የሚያህል አልጋ?" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

"ማን ስድስት ወር አለ ጋሼ? አንድ ጊዜ እግሩ ይርገጥ እንጂ።"

ጋሼ ስዩም ሳቁ። "እሱስ ልክ ነሽ። አሜሪካ ገብቶ በፈቃዱ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።"

ወንድሟ ተስፋሁን ይባላል። ሆለታ ነው ያደጉት። አባታቸው ተስፋሁን ሳይወለድ ሞተ፤ እናታቸው ደግሞ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ተከተለች። ባንቺአየሁ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያጠበችው፣ ያበላችው፣ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። "እቴቴ" ይላታል። ዲቪ ሲደርሳት ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለአጎታቸው ትታው ስትሄድ፣ "ሁለት ዓመት ብቻ ጠብቀኝ። ወረቀቴን ላስተካክልና እወስድሃለሁ" አለችው።

ይኸው ሃያ አንድ ዓመት ሆነ። በነዚያ ዓመታት ባንቺአየሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አቅመ ደካማ ሰዎችን በየቤታቸው እየተንከባከበች ኖረች። ተስፋሁን ደግሞ አደገ፤ ሆለታ አጠገብ እንጆሪ የሚያመርት እርሻ ውስጥ ተቀጠረ፤ እዚያው የምትሠራ እሌኒ የምትባል ልጅ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለደ። ባንቺአየሁ ሁሉንም በስልክ ሰማች። ሠርጉን በስልክ አየች። ክርስትናውንም በስልክ።

ያ እርሻ ሄንክ የሚባል ሆላንዳዊ ኃላፊ ነበረው። ሄንክ ከሁለት ዓመት በፊት ካሊፎርኒያ ሄዶ፣ ኦክስናርድ አጠገብ ባለ ትልቅ የእንጆሪ እርሻ ኃላፊ ሆነ። እዚያ በየዓመቱ እንጆሪውን የሚለቅሙት ከሜክሲኮ በወቅት ቪዛ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው። እነሱም አልበቃ ሲሉ ሄንክ አለቆቹን፣ "ተክል አያያዝ የሚያውቁ ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ አሉኝ" ብሎ አሳመነና ለሙከራ ስምንት ሰው አስጠራ። ቪዛው ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ ነው። ማደሪያውንና ትራንስፖርቱን እርሻው ይችላል። ግን ከዚያ እርሻ ሌላ የትም መሥራት አይቻልም፤ ወቅቱ ሲያበቃ ደግሞ ወደ አገር መመለስ ግድ ነው።

ተስፋሁን ይኼን ሁሉ በስልክ ዘርዝሮ ነገራት። ባንቺአየሁ የሰማችው ግን "እመጣለሁ" ያለውን ብቻ ነው።

በደረሰ ቀን ጋሼ ስዩም ኤርፖርት ወሰዷት። ስምንቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ኮፍያ አድርገው ተከታትለው ወጡ። ባንቺአየሁ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ የትኛው የእሷ እንደሆነ አላወቀችም። በቪዲዮ ስንት ጊዜ አይታዋለች! ግን በስልክ የምታየው ፊቱን ብቻ ነበር፤ ቁመትና ትከሻ እንዳለው አላሰበችም። አንድ ረጅም ሰው ከመሃላቸው ወጥቶ ሻንጣውን ጣለና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ።

"ተስፍዬ?"

"እኔ ነኝ እቴቴ።"

ቀና ሲል አናቱን ልትዳብሰው እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም። እንደገና ጎንበስ አለላት።

ልቧ እስኪደርስ እንኳ ሳታለቅስ፣ ሄንክ መጥቶ አውቶቡሱ ቆሞ እየጠበቀ እንደሆነ በትሕትና ነገራቸው። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልሞላም። ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሼ ስዩም መኪናውን እየነዱ፣ "አይዞሽ፣ እሁድ ታይዋለሽ" አሏት።

እሁድ የእረፍት ቀኑ ነበር። ጋሼ ስዩም ሄደው አመጡላትና ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅድስት የምትባል ሴት ምግብ ቤት ገቡ። ቅድስትና ባንቺአየሁ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ያን ቀን ቤቱ ሙሉ ነበር። ባንቺአየሁ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ለሚያውቃትም ለማያውቃትም "ወንድሜ ነው! ወንድሜ!" እያለች አስተዋወቀችው።

ቅድስት ምግቡን አቅርባ ከጎናቸው ተቀመጠች። "ሶ፣ በምንድነው የመጣኸው?" አለችው።

"በእርሻ ሥራ ነው። የወቅት ቪዛ ይባላል።"

"ስንት ወር ነው?"

"ስድስት።"

"ኦኬ፣ ስድስት ወር በቂ ነው። እስከዚያ ሎየር ታገኛለህ። ከዚያ እኔ ኪችን ሰው እፈልጋለሁ።"

"ኪችን ምን ያደርግለታል?" አሉ ጋሼ ስዩም። "ፓርኪንግ ይሻለዋል። የማውቀው ማናጀር አለ።"

ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ዞር አለ። "ብቻ ሎየር ሳታናግር ምንም ወረቀት እንዳትፈርም። እኔ በሁለት ወር ቪዛ መጥቼ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።"

ተስፋሁን ለሁሉም "እግዜር ይስጥልኝ" እያለ በላ። ባንቺአየሁ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለቱን እሺ እንዳለ ቆጠረችው።

ከዚያ ቤቷ ወሰደችው። አልጋውን አሳየችው። ሰማያዊ ብርድ ልብስ አልብሳዋለች፤ ራስጌው ላይ መብራት ተክላለች።

"ያንተ ነው" አለችው።

ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፍራሹን በመዳፉ ተጫነው። "እንግዳ ሲመጣ ግን የት ያርፋል? ሶፋ የለሽም።"

"ማን ይመጣብኛል?" አለች።

ተስፋሁን ቀና ብሎ አያት። ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሙሉ ሳምንት ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ነው። ባንቺአየሁ ጫማውን ቀስ ብላ አወለቀችለት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጋሼ ስዩም ሊወስዱት እስኪመጡ ድረስ ሲተነፍስ ስታየው ዋለች።

ፌብሩዋሪም፣ ማርችም፣ ኤፕሪልም እንዲሁ አለፉ። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ሲመጣ ለጋሼ ስዩም አንድ ሳጥን፣ ለእሷ አንድ ሳጥን እንጆሪ ይዞ ነው። መኪናውም ቤቱም እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። የጣቶቹ ጫፍ ቀልቷል፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም በሳሙና አይለቅም። ባንቺአየሁ እጁን እንደ ልጅነቱ ሲንክ ላይ ይዛ በብሩሽ ልታጥበው ትሞክራለች። እሱ ይስቃል፤ ግን እጁን አይነሳትም። ስለ እሌኒ፣ ስለ አምስት ዓመቷ ልጁ ስለ ሶልያና ያወራታል። ቤታቸው ጓሮ እሱና እሌኒ የተከሉት የእንጆሪ ችግኝ አለ፤ በየእሁዱ በስልክ እያየ፣ "የታችኛው መደብ ውኃ በዝቶበታል፣ ቀንሺለት" ይላል። እሌኒ ደግሞ ከዚያ ማዶ ሆና፣ "እዚህ ያለሁት እኔ፣ የምታዘው አንተ!" ትለዋለች።

ባንቺአየሁ በዚህ መሃል ሥራዋን እየሠራች ነበር። የፓርኪንጉን ማናጀር አናገረች። ሎየር ቀጠሮ ያዘች። አንድ ልብስ ማንጠልጠያ ገዝታ አልጋው አጠገብ አቆመች።

ሜይ ላይ ከስምንቱ አንዱ ጠፋ። ፋኑኤል ይባላል፤ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወደ ኖርዝ ሆሊውድ ዘመዱ ጋ ሄዷል ተባለ።

በሚቀጥለው እሁድ ተስፋሁን ይኼን ሲነግራት ባንቺአየሁ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። "ጎበዝ ልጅ!" አለች።

"ጎበዝ አይደለም" አለ ተስፋሁን።

እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገራት የመጀመሪያው ስለሆነ ቢላዋዋን አቁማ ዞረች።

"ሄንክ ሰብስቦን ነበር። አልተቆጣም። 'ስለእናንተ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከጠፋ ለከርሞ ከኢትዮጵያ ማንንም መጥራት አልችልም' አለን። ሆለታ ውስጥ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አብረውኝ የሠሩ፣ በስም የማውቃቸው።"

"አንተ ስለ ሰው ታስባለህ። ስለ ራስህ መቼ ነው የምታስበው?"

"ስለ ራሴማ አስቤያለሁ። ቀኑ ሲደርስ እሄዳለሁ እቴቴ።"

ባንቺአየሁ አልገባት እንዳለ ሰው አየችው። "ወዴት?"

"ቤቴ። እሌኒ ጋ። ልጄ ጋ።"

"በኋላ ታመጣቸዋለህ!"

"መቼ?" አለ ተስፋሁን። ለክፋት አልነበረም፤ ጥያቄ ነው የጠየቃት። "እዚህ ወረቀት ሳይኖረኝ ተደብቄ ስኖር እንዴት ነው የማመጣቸው? ሶልያና ስንት ዓመቷ ሲሆን ነው የምታየኝ?"

ያ "መቼ" የሚለው ቃል ባንቺአየሁን የት እንዳገኛት እሱ አላወቀም። ፊቷ ተለዋወጠ። "ሃያ አንድ ዓመት!" አለች። "ሃያ አንድ ዓመት የሰው እናት ሳጥብ፣ የሰው እናት ሳበላ ኖርኩ። እኔ ማን አለኝ? ታምሜ ብወድቅ በሬን የሚያንኳኳ ማን አለኝ? አንድ አንተን አገኘሁ ብዬ አልጋ ገዛሁ። እሄዳለሁ ትለኛለህ?"

ተስፋሁን ሊይዛት ተነሣ። "ሂድ" አለችው። "ከሄድክ አይቀር አሁኑኑ ሂድ።"

ጋሼ ስዩምን ሳይጠብቅ በእግሩ ወጥቶ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመ። ባንቺአየሁ በመስኮት አየችው። ልትጠራው ፈለገች። አልጠራችውም።

ከዚያ በኋላ በመጣው እሁድ አልመጣም። ስልክ ደወለ፤ አላነሳችም። በተከታዩ ሳምንት እንደገና ደወለ፤ ስልኩ ሲጮህ እያየችው ተቀመጠች። ማንሳት ያቃታት ተናዳ ብቻ አልነበረም። ቢያወራት እንድትነግረው የሚያስገድዳት አንድ ነገር ነበራት፤ እሱን ነው የፈራችው።

ጁን አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ስዩም ጋ ደወለች። "ጋሼ፣ ኦክስናርድ ሊያደርሱኝ ይችላሉ?"

"ዛሬ ሥራ ላይ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው።"

አንድ ሰዓት ተኩል ነዱ። ጋሼ ስዩም ብዙ የሚያወሩ ሰው ቢሆኑም ያን ቀን ሬዲዮውን እንኳ አልከፈቱም። እርሻው ከባሕሩ ብዙም አይርቅም፤ ንፋሱ ይበርዳል። በፕላስቲክ የተሸፈነው መደብ መስመር መስመሩን ይዞ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሄዷል። በየመስመሩ ሰው አጎንብሷል፤ ኮፍያና ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ባንቺአየሁ መኪናው ውስጥ ሆና አየቻቸው። ይኼንን ነው ወንድሜ የሚሠራው? እጁን ይዤ አሁኑኑ ብወስደውስ? አለች በልቧ።

ከዚያ አየችው። እሱ እየለቀመ አልነበረም። ዙሪያውን አምስት ስድስት ሜክሲካውያን ከበውታል። እሱ አንዱ ተክል ላይ ተንበርክኮ፣ በእጁ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ፣ ከሥሩ የሚሳበውን ሐረግ የት ላይ እንደሚቆርጡት እያሳያቸው ነው። ቋንቋቸውን ከጥቂት ቃል በላይ አይችልም፤ በእጁ ነው የሚያወራው። አንዱ ተሳስቶ ሲቆርጥ እጁን ይዞ አስተካከለለት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ባንቺአየሁ ከመኪናው ወርዳ እዚያው ቆመች። ይኼን ሰው አታውቀውም ነበር። የምታውቀው የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ ነበር፤ እነዚህን ወራት ሁሉ ልታስቀረው የታገለችው ያንን ልጅ ነበር።

መጀመሪያ ያያት ሬሞን የሚባል በዕድሜ የገፋ ሠራተኛ ነው። አያትና ተስፋሁንን ትከሻውን ነካ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀው። ተስፋሁን ቀና አለ። ሲያያት ኮፍያውን አውልቆ መለሰለት። ሬሞን ወደ እሷ መጥቶ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ በአክብሮት ጨበጣት።

የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ተስፋሁን ከመስመሮቹ ጫፍ ካለ ዛፍ ሥር አስቀመጣት። ጋሼ ስዩም "እኔ መኪናው ጋ እሆናለሁ" ብለው ዘወር አሉ።

"ሰውየው ምን አለህ?" አለችው ባንቺአየሁ።

"'እናትህ ናት ወይ?' አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"አዎ አልኩት።"

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ሲወጣላት እንዲህ አለችው።

"የምነግርህ አለኝ። ሳልጨርስ አታቋርጠኝ። ዜግነቴን ካገኘሁ አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። ያን ጊዜ ላንተ ማመልከት እችል ነበር። ፎርም የሚሞላልኝ ሰው ዘንድ ሄድኩ። የወንድም ወረፋ አሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት! ደነገጥኩ። ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሚቀጥለው ወር አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት አልኩ። እያደር ደግሞ፣ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ እንዳትለኝ ፈራሁ። ያኔ አስገብቼው ቢሆን ይኼኔ ተራህ ሊደርስ በተቃረበ ነበር። እሌኒም፣ ልጅህም... አላስገባሁም ተስፍዬ። ሁለት ዓመት ጠብቀኝ ብዬህ፣ አላስገባሁም።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ምን ታውቃለህ?"

"አስገብተሽ ቢሆን ትነግሪኝ ነበር። አንቺ ደስ ያለሽን ነገር መደበቅ አትችዪም።"

ንፋሱ ባዶ ሳጥኖቹን ያንኳኳል።

"እስከ ስንት ዓመትህ ጠበቅከኝ?" አለችው።

አሰበ። "እስከ አሥራ ስድስት። አጎቴ 'አሁን ሥራ ይጀምር' ያለ ጊዜ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ስትደውዪ ደስ ይለኝ ነበር። በፊት ስትደውዪ 'ዛሬ ቪዛ ትለኝ ይሆን' እያልኩ የምትዪውን አልሰማም ነበር። ከተውኩት በኋላ ነው አንቺን መስማት የጀመርኩት።"

እንባዋ ወረደ። እሱ ቀጠለ። "ኤምባሲ ምን እንደጠየቁኝ አልነገርኩሽም። ሴትየዋ 'አሜሪካ ዘመድ አለህ?' አለችኝ። 'እህቴ አለች' አልኳት። 'ኢሚግሬሽን አመልክታልሃለች?' 'አላመለከተችም።' 'ታዲያ እንደምትመለስ በምን አምንሃለሁ?' የእሌኒንና የችግኞቹን ፎቶ አሳየኋት። ሶልያና ውኃ ማጠጫውን ይዛ የተነሣችውን። ትንሽ አየችውና ፓስፖርቴን ወሰደች። አንቺ አስገብተሽ ቢሆን ያን ቀን ይሰጡኝ አይመስለኝም። ትቀራለህ ይሉኝ ነበር።"

"እያጽናናኸኝ ነው።"

"እያጽናናሁሽ ነው። ግን እውነትም ነው።"

ባንቺአየሁ ሳቀችና አለቀሰች፤ የቱ እንደቀደመ እሷም አታውቅም። ተስፋሁን ወደ ሬሞን እያመለከተ፣ "ያን ሰውዬ አየሽው? አሥራ አንድ ወቅት መጥቶ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሷል" አላት። "ልጆቹን ግማሽ ዓመት ግማሽ ዓመት ነው ያሳደጋቸው። ቀላል ነው አይልም። ትንሿ ልጁ በእግሯ መሄድ ስትጀምር አላየሁም ብሎ አልቅሷል። እኔም ሶልያና ጥርሷ ሲነቀል እዚህ ነበርኩ። ግን እሄዳለሁ፣ ከፈቀዱ እመጣለሁ። አንቺንም አገኝሻለሁ። ተደብቄ ከቀረሁ ግን አንቺን ይዤ እነሱን ላጣ ነው። አትፍረጅብኝ።"

"ማን ይፈርድብሃል?" አለች። ጉንጩን በመዳፏ ያዘችው። አሁን ተቀምጦ ስለነበር ትደርስበታለች።

የምሳ ሰዓቱ ሲያልቅ ተስፋሁን ወደ መስመሩ ተመለሰ። ባንቺአየሁ ከጫፍ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ ብላ አንድ እንጆሪ ለቀመች። አንድ ሌላ ጨመረች። ሬሞን ከማዶ አይቷት፣ ዘንጉ ከፍሬው ጋር እንዲቀር በጥፍር እንዴት እንደሚቆረጥ አሳያት። አሥር ሳይሞላ ወገቧን ይዛ ቀና አለች፤ "ኧረ በማርያም!" አለች። የሰሙት ሁሉ ቃሉን ባያውቁትም ሳቁ። ተስፋሁንም እንደዚያ ሲስቅ ከሕፃንነቱ ወዲህ አልሰማችውም ነበር።

የቀሩትን እሁዶች ሁሉ አንድም ሳያጎድል መጣ። ባንቺአየሁ የሎየሩን ቀጠሮ ሰረዘች። ለፓርኪንጉ ማናጀር ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ቅድስት ምግብ ቤት ውስጥ ወሬው ተሰማ፤ አንዳንዱ "መድኃኒት አቅምሰውታል" አለ፤ አንዳንዱ "ሚስቱን ፈርቶ ነው" አለ። ከጎን ጠረጴዛ የነበረው፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ያለው ሰው ግን ወሬው ውስጥ አልገባም። ተስፋሁን ሲወጣ ተከትሎት በሩ ላይ ያዘውና፣ "ልጆች አሉኝ እኔም፤ ደብረ ብርሃን" አለው። ተመልሶ ገብቶ ተቀመጠ።

ጁላይ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሰባቱም ተመለሱ። ጋሼ ስዩም የተስፋሁንን ሻንጣ በራሳቸው እጅ እየጎተቱ፣ "አሜሪካ ገብቶ የወጣ ሰው ዛሬ አየሁ። እስክሞት ለሰው እነግራለሁ" አሉ። ለሶልያና ቀይ ቦቲ ጫማ ገዝተውላት ነበር። ቅድስትም ለእሌኒ ሽቶ ላከች።

በፍተሻው በር ተስፋሁን እህቱን እቅፍ አድርጎ፣ "አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?" አላት።

ባንቺአየሁ ሃያ አንድ ዓመት አገሯ ያልተመለሰችው ቲኬት አጥታ አልነበረም። ትታው የሄደችውን ልጅ ፊት ለፊት ማየት አፍራ ነው። አሁን የሚያሳፍራት ነገር አልቀረም። "ለገና" አለችው። ካለች በኋላ ራሷም ደነገጠች። "ለገና እመጣለሁ።"

መጣችም። የምትንከባከባቸው አሮጊት ልጅ የአንድ ወር ፈቃድ ሰጠቻት። ሄንክ በበኩሉ ቃሉን ጠብቆ ለሚቀጥለው ወቅት አሥራ አንድ ሰው ጠራ፤ ስድስቱ ካለፈው ዓመት፣ አምስቱ አዲስ። የተስፋሁን ስም ከሁሉም በላይ ተጽፏል። ጃንዋሪ መጨረሻ ይሄዳል ተብሎ እሌኒ ገና ካሁኑ ቅር ብሏታል፤ ባንቺአየሁም ከጎኗ ሆና አይዞሽ አለቻት፤ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቀዋለችና።

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ጠዋት ባንቺአየሁ ሆለታ፣ የወንድሟ ጓሮ ውስጥ፣ ከሶልያና ጋር ችግኝ ታጠጣ ነበር። ልጅቷ ቀዩን ቦቲ አድርጋለች፤ ትንሽ በዝቶባት እግሯን እየጎተተች ነው የምትራመደው። ሰው ሁሉ በቤታቸው ስለ ቪዛና ስለ ወር ሲያወራ ስለሰማች፣ ዘመድ ማለት መጥቶ የሚሄድ ነው ብላ ታምናለች። ውኃ ማጠጫዋን አስቀመጠችና አክስቷን ቀና ብላ አየቻት።

"እቴቴ፣ ያንቺስ ቪዛ ስንት ወር ነው?"

ባንቺአየሁ ፓስፖርቷ ላይ የተመታውን ማህተም አሰበች። በተወለደችበት ከተማ፣ የአሜሪካ ዜጋ ተብላ፣ ቀን ተቆርጦላት ነው የገባችው። እስካሁን አላስተዋለችውም ነበር።

"አንድ ወር ነው እናቴ" አለቻት።

"ከዚያ ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ።"

"ከዚያ ትመጫለሽ?"

"ከዚያ እመጣለሁ።"

ሶልያና ይኼ በቂ እንደሆነ ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ውኃ ማጠጫዋን አንስታ፣ "ያኛው መደብ አልጠጣም" ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት።